ጎተራ በሰማይ፦ ለትንንሽ ሳተላይቶች ማኅደረ ትውስታ ስለ መሥራት

በሱሉልታ ለተሰበሰቡ ተማሪዎች፣ መምህራንና ወላጆች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ እናቶችና አባቶች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ? ከጫንጮ በማለዳ ተነሥታችሁ የመጣችሁ፣ ከአዲስ አበባም የእንጦጦን ዳገት ተሻግራችሁ የደረሳችሁ፣ ሁላችሁም እንኳን ደኅና መጣችሁ።

ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ብለን አንድ ድምፅ እናዳምጥ።

ጠቅ። ... ጠቅ። ...

ሰማችሁት? ከኋላ ያላችሁስ? ድምፁ የሚመጣው ጠረጴዛው ላይ ካለችው ከዚህች ሰሌዳ ነው። በላይዋ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ የፍላሽ ማኅደረ ትውስታ ተበይዳለች። ጠቅ የሚለው ሪሌይ፣ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ፣ በየአምስት ሰከንዱ ኃይሏን ይቆርጥባታል፤ ወዲያው መልሶ ይሰጣታል። ኃይል ባገኘች ቁጥር መጻፍ ትጀምራለች፤ ስትጽፍ ደግሞ መብራት ይጠፋባታል። እኔ ተናግሬ እስክጨርስ እንዲሁ ትቀጥላለች። መጨረሻ ላይ አብረን እንመረምራታለን፤ አሁን ግን ተዉአት፣ ትሥራ።

ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደ ደቡብ ብታዩ የእንጦጦ ሸንተረር ከፊታችሁ ነው። እዚያ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉበት የኅዋ ምልከታ ማዕከል አለ፤ ከሳተላይት መረጃ የሚቀበል ጣቢያም አለው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ጎህ ሲቀድ እዚያ በብርድ ከቆሙት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን፣ ወደ 70 ኪሎ ግራም የምትመዝነው ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1፣ ከቻይናው ታይዩዋን ማስወንጨፊያ ስትነሣ በስክሪን እያየን ነበር። አጠገቤ ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ጭብጨባው ሲበርድ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «ልጄ፣ ፎቶውን የምታነሣው እዚያ ላይ ሆና ነው፤ እኛ ያለነው እዚህ ታች ነው። እስክትሰጠን ድረስ የት ታስቀምጠዋለች?» አሉኝ።

«ማኅደረ ትውስታ አላት አባቴ» ብዬ መለስኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ዝም አሉ። መልሴ ግን መልስ አልነበረም። እርሳቸው የጠየቁኝ የዕቃውን ስም አልነበረም፤ በአደራ የተሰጠ ነገር በዚያ ባዶ ቦታ እንዴት እንደሚጠበቅ ነበር የጠየቁኝ። ዛሬ ለእርሳቸው የሚገባቸውን መልስ ለእናንተ ልሰጥ መጥቻለሁ። ሦስት ጥያቄዎች አነሣለሁ፦ ጎተራው ምን ያህል ይሁን? ማን ያበላሽብናል? መብራት ቢጠፋስ?

ከመጀመሪያው ልጀምር። እርሳስና ወረቀት ያላችሁ አውጡ።

ካሜራዋ በአንድ ጊዜ 10,000 በ10,000 ነጥብ የሆነ ፎቶ ታነሣለች እንበል። ይህ 100 ሚሊዮን ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ በአራት ዓይነት ብርሃን ይለካል፤ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ፣ በቀይ፣ እንዲሁም ዓይናችን በማያየው፣ የሰብልን ጤንነት ግን አጥርቶ በሚያሳየው ታኅተ ቀይ ብርሃን። ለአንዱ ልኬት 12 ቢት፣ ማለትም 12 የ0 ወይም የ1 ምልክት፣ እንስጠው። አባዙት። 4.8 ቢሊዮን ቢት፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ነውና 600 ሜጋባይት ሆነ። አንድ ፎቶ ብቻ!

አሁን ወደ ታች እናውርደው። ሳተላይቷ ከ600 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ባለ ምህዋር፣ በዋልታዎቹ አቅራቢያ እያለፈች ምድርን በ97 ደቂቃ ያህል ትዞራለች። በቀን 15 ዙር ገደማ ነው። ታዲያ ከአሥራ አምስቱ ዙር በስንቱ በእኛ ላይ ታልፋለች? ማን ይገምታል? ... አሥር? አይደለም። አራት ገደማ ብቻ ነው፤ ቀን ሁለት፣ ሌሊት ሁለት። አንዱ ማለፍ ቢረዝም አሥር ደቂቃ ነው፤ ከአድማስ አጠገብ የሚባክነውን ብንቀንስ ስምንት ደቂቃ ይተርፈናል። አነስተኛው ሬዲዮ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢልክ በስምንት ደቂቃ 120 ሜጋባይት ይወርዳል። አንዷን ፎቶ ለመቀበል አምስት ጊዜ ማለፍ አለባት፤ ዛሬ ያነሣችውን የምናየው ነገ ነው ማለት ነው!

በኖርዌይ ስቫልባርድ፣ በ78 ዲግሪ ሰሜን ላይ ያለ ጣቢያ ይህችኑ ሳተላይት በሁሉም ዙር ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ያገኛታል፤ መንገዶቿ ሁሉ ዋልታው አጠገብ ይሰበሰባሉና። እኛ በ9 ዲግሪ ላይ ነን። ወገኖቼ፣ ይህንን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ለምድር ወገብ ቅርብ መሆናችን የሳተላይቷን ንድፍ ይለውጠዋል። ዋልታ አጠገብ ጣቢያ ያለው ሰው ጎተራውን ቢያሳንስ ይችላል፤ በየሰዓት ተኩሉ ያወርዳል። ጣቢያው እንጦጦ ላይ ብቻ ያለው ሰው ግን ረጅም ጊዜ የሚጠብቅ፣ ሰፊና ታማኝ ጎተራ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ይህ ሌሎች ሠርተው ጨርሰው የሚሰጡን ዕቃ አይደለም። የእኛው ጥያቄ ነው፤ እኛው ልናስብበት ይገባናል።

ፈጣን ሬዲዮ እንግጠም እንበል፤ በሰከንድ 50 ሜጋቢት። በአንድ ማለፍ 3 ጊጋባይት ይወርዳል፣ በቀን 12። ክረምት መጣ፣ የጣቢያው አንቴና ለአምስት ቀን ተበላሸ እንበል። 60 ጊጋባይት ይከማቻል። ለጥንቃቄ ሁለት ቅጂ ከያዝን 120 ደረሰ። ስለዚህ 128 ጊጋባይት ያስፈልገናል።

አንዳንዶቻችሁ ስልካችሁን እያያችሁ ነው፤ ገብቶኛል። «ይህማ በኪሴ አለ!» ትላላችሁ። እውነት ነው። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2013 የተለመዱ ዘመናዊ ስልኮችን በትንንሽ ሳጥን ውስጥ አድርጎ ወደ ምህዋር ልኳል፤ ሠርተዋልም። ከገበያ የሚገዛ ዕቃ ኅዋ ውስጥ ለቀናት ይሠራል። ጥያቄው ለዓመታት ይሠራል ወይ ነው። ወደ ሁለተኛው ጥያቄ የሚወስደንም ይኸው ነው።

ማን ያበላሽብናል?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 1958 አሜሪካኖች ኤክስፕሎረር 1 የተባለች ሳተላይት አመጠቁ። በውስጧ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ቫን አለን ያዘጋጀው የጨረር መቁጠሪያ ነበር። ሳተላይቷ ግን ጎተራ አልነበራትም። የለካችውን ወዲያው በሬዲዮ ትናገራለች፤ ከታች ጣቢያ ካለ ይሰማታል፣ ከሌለ ንግግሯ ባዶ ሰማይ ላይ ይቀራል። የተሰማው ጥቂቱ ደግሞ ግራ የሚያጋባ ነበር፤ አንዳንድ ቦታ ላይ መቁጠሪያው ዜሮ ይላል። ኅዋ ላይ ጨረር ዜሮ ይሆናል?

ከሁለት ወር በኋላ፣ ማርች 26 ቀን፣ ኤክስፕሎረር 3 ወጣች። እርሷ አንድ ተጨማሪ ነገር ይዛለች፤ የቫን አለን ተማሪ የነበረው ጆርጅ ሉድዊግ የሠራውን ትንሽ የቴፕ መቅጃ። የአንድ ዙር ልኬትን ትቀዳለች፤ ጣቢያ ላይ ስትደርስ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሁሉንም ትለቀዋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የዙሩ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተነበበ። ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ድንገት ዜሮ ይሆናል፤ ሳተላይቷ ስትወርድ እንደገና ይመለሳል። ዜሮው ባዶነት አልነበረም! ጨረሩ ከመብዛቱ የተነሣ መቁጠሪያው መቁጠር ተስኖት ነበር። ዛሬ የቫን አለን ቀበቶዎች የምንላቸው የታወቁት በዚህ መንገድ ነው።

ይህን ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር ይገርመኛል። ኅዋ ከገቡት ከመጀመሪያዎቹ የመረጃ ጎተራዎች አንዱ ያስገኘው ዕውቀት ምን ነበር? የጎተራዎችን ሁሉ ጠላት! ጎተራው ነቀዙን ራሱ ያዘልን።

እንዴት እንደሚያጠቃ ላስረዳ። ፍላሽ ማኅደረ ትውስታን በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትንንሽ ማሰሮዎች አድርጋችሁ ተመልከቱት። በእያንዳንዱ ማሰሮ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ታሽገዋል፤ ኃይል ቢጠፋም አይፈሱም፤ ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ በ1980ዎቹ ይህን ሲፈለስፍ የተፈለገው ይኸው ነበር። ጥንቃቄ በተደረገበት ዓይነት አንዱ ማሰሮ አንድ ቢት ብቻ ይይዛል፤ ወይ ሞልቷል፣ ወይ ባዶ ነው። በርካሹ ዓይነት ግን በአንዱ ማሰሮ ሦስት ቢት ይታጨቃል፤ ስለዚህ ስምንት የተለያየ የመጠን ምልክት ያስፈልገዋል። ጥቂት ጠብታ ብትፈስ የትኛው ይሳሳታል? ስምንት ምልክት ያለው ነው። ማሰሮው ሲሞላና ሲደፋም ግድግዳው ይዳከማል። ባለ አንድ ቢቱ 100,000 ጊዜ ያህል ተጽፎ መጥፋትን ይችላል፤ ባለ ሦስት ቢቱ ጥቂት ሺህ ጊዜ ወይም ከዚያ በታች። ስለዚህ ለሳተላይት ስትመርጡ ትልቁን ቁጥር አታሳድዱ። ትንሽ የሚይዝ፣ የያዘውን ግን የማይለቅ ይሻላል።

አንድ ቅንጣት ከፀሐይ ወይም ከሩቅ ከዋክብት መጥታ ቺፑን ስትወጋ ቢቷን ልትገለብጣት ትችላለች፤ 0 የነበረው 1 ይሆናል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል ያገራችን ሰው። በኅዋ ግን የሚረሳው የተወጋው ነው።

ሌላም አለ። ፍላሽ ለመጻፍና ለማጥፋት ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ ያንን የሚያዘጋጅ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ በውስጡ አለ። ጨረር ዓመት በዓመት ሲጠራቀምበት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚደክመው ይህ ፓምፕ ነው። ያን ጊዜ ቺፑ የድሮውን ያነባል፣ አዲስ ግን መጻፍ አይሆንለትም፤ የልጅነቱን አጣርቶ እያወጋ የትናንቱን እንደማይዝ ሰው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በማትጽፉበትና በማታነቡበት ጊዜ ኃይሉን አጥፉት። በተለይ የምድር መግነጢሳዊ ጋሻ በሚሳሳበት በብራዚልና በደቡብ አትላንቲክ ላይ ስታልፍ ጎተራው ተዘግቶ ይለፍ። አንዳንድ ቅንጣት ደግሞ ቺፑ ውስጥ ያልታሰበ አጭር የኤሌክትሪክ መንገድ ትከፍትና ፍሰቱን በድንገት ታንረዋለች፤ በፍጥነት ካልተቋረጠ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቺፕ ፍሰቱን እየለካ የሚቆርጥ ዘበኛ ይቁምለት።

ለተገለበጠችው ቢትስ? እዚህ ላይ አባቴን ላንሣ።

አባቴ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነበር። ሰፊ መዝገብ ነበረው፤ ወደ ታች የአባላት ስም፣ ወደ ጎን ወራት። መዋጮው ለሁሉም እኩል ቢሆንም ያደረ ዕዳና ቅጣት ስለሚጨመርበት ቁጥሩ ከሰው ሰው ይለያይ ነበር። አባቴ ሁልጊዜ ሁለት ድምር ይሠራል። ለእያንዳንዱ አባል የዓመቱን ወደ ቀኝ ይደምራል፤ ለእያንዳንዱ ወር የሁሉንም ወደ ታች ይደምራል። ልጅ ሆኜ በዚህ እበሳጭ ነበር። «አባዬ፣ ያው አንድ ገንዘብ አይደለም እንዴ? ለምን ሁለቴ ትደምረዋለህ?» እለው ነበር። ዝም ብሎ ይደምራል።

አንድ ክረምት ቆርቆሮው አፈሰሰና ውኃው መዝገቡ ላይ ወረደ። የአንዲት ባልቴት የሐምሌ ወር ክፍያ የተጻፈበት ቀለም ፈረሰ። አልከፈሉም ከተባለ ሐዘን ቢደርስባቸው ዕድሩ እጁን ሊሰበስብባቸው ይችላል። ስብሰባ ተጠራ፤ አንዱ ከፍለዋል ይላል፣ ሌላው አልከፈሉም ይላል። አባቴ መዝገቡን ገልጦ የሴትዮዋን የዓመት ድምር አየ፤ 310 ብር ይላል። የሚነበቡትን ወራት ደመረ፤ 265 ሆነ። የጎደለው 45። ከዚያ ወደ ሐምሌ ወር ድምር ዞረ፤ የሌሎቹን አባላት ሁሉ ደምሮ ቀነሰ። እዚያም 45! ቤቱ ጸጥ አለ። ባልቴቷ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው አንሥተው አለቀሱ። ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሁለተኛው ድምር ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ተማሪዎች፣ ስህተት አራሚ ኮድ ማለት የዕድር መዝገብ ማለት ነው! ሌላ ምስጢር የለውም። ቁጥሩ ባይፈርስ፣ ተሳስቶ ቢጻፍ እንኳ፣ የአንዱ ረድፍ ድምርና የአንዱ ዓምድ ድምር አልስማማ ይላሉ፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ሳጥን ጥፋተኛው ነው። ሳተላይት ውስጥም ከመረጃው ጎን ተጨማሪ ቢቶች ይጻፋሉ። ሪቻርድ ሃሚንግ የተባለ የሒሳብ ሊቅ በቅዳሜና እሑድ የሚያሠራው ኮምፒውተር ስህተት ባየ ቁጥር ሥራውን እየጣለ ስላስመረረው፣ ስህተትን ማወቅ ከቻለ ቦታውን አግኝቶ ለምን አያርመውም ብሎ ተነሣ፤ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1950 አሳተመ። በ1960 ደግሞ ኧርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሰለሞን እጅግ የበረታ ኮድ አወጡ። በሰፊው በሚሠራበት ዓይነቱ 223 ባይት መረጃ 32 ባይት ማረጋገጫ ተጨምሮለት ይቀመጣል፤ ከ255ቱ ውስጥ የትኞቹም 16 ቢበላሹ ሁሉም ይታረማሉ። በየሱቁ ለክፍያ የምታነሡት ኪው አር ኮድ ጥጉ ተፋቆ እንኳ የሚነበበው በዚሁ ኮድ ነው።

ነገር ግን ኮድ ብቻውን አይበቃም። አባቴ መዝገቡን ለዓመታት ሳይገልጠው ቢቀር ኖሮ፣ ዝናቡ አንዱን ሳይሆን ሃያውን ቁጥር ባጠፋው ነበር፤ ያን ጊዜ ድምሩም አያድንም። ስለዚህ ሳተላይቷ ሥራ በሌላት ሰዓት ጎተራዋን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ፣ የተበላሸውን ማረም፣ መልሳ መጻፍ አለባት። እህል ለፀሐይ እንደሚሰጣ ማለት ነው።

ጠቅ። ... አሁንም አለች። ቆጣሪውን ላንብብላችሁ፤ 187። አንድ መቶ ሰማንያ ሰባት ጊዜ መብራት ጠፍቶባታል።

መብራት! ይህን ለእናንተ ማስረዳት ያስፈልገኛል? ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በመኝታ ክፍል ኮምፒውተር ላይ የመመረቂያ ጽሑፌን እያስቀመጥኩ መብራት ሄደ። ሲመለስ ፋይሉ ስሙ አለ፣ ውስጡ የለም። የሦስት ሳምንት ሥራ ነበር። ያዘንኩት አዲሱን በማጣቴ ብቻ አልነበረም፤ አሮጌውም አብሮ መጥፋቱ ነበር። ለምን? ኮምፒውተሩ አዲሱን የጻፈው በአሮጌው ላይ ስለነበረ ነው። መሐል ላይ ሲቋረጥ ከሁለቱም አልሆነም።

በሳተላይት ላይ ይህ በየቀኑ ሊደርስ ይችላል። በየዙሩ ከግማሽ ሰዓት በላይ በምድር ጥላ ውስጥ ታልፋለች፤ ባትሪዋ ይዳከማል፤ ኮምፒውተሯ በአንዲት ቅንጣት ምክንያት ራሱን አጥፍቶ ይነሣል። ፍላሽ ደግሞ እንደ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ አይደለም፤ አንዲት ቃል ለመለወጥ ሰፊውን ክፍል ሙሉ ማጥፋት ግድ ነው። በማጥፋቱና በመጻፉ መካከል ኃይል ከሄደስ?

ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፤ አዲሱ ተጽፎ፣ ተነብቦ፣ ድምሩ እስኪረጋገጥ ድረስ አሮጌውን አትንኩ። አዲሱን በሌላ ቦታ ጻፉ። ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ «እውነተኛው ይህ ነው» የምትለዋን አንዲት ምልክት አዙሩ። መብራት ከዚያች ምልክት በፊት ቢጠፋ አሮጌው አለ፤ በኋላ ቢጠፋ አዲሱ አለ። ከሰሌዳው ላይም በቂ ካፓሲተር፣ ለአጭር ጊዜ ኃይል የሚያጠራቅም ዕቃ፣ አኑሩ፤ ኃይል መውረዱን የሚያይ የኤሌክትሪክ ዑደት (ሰርኪዩት) «እየሄድኩ ነው» ሲል፣ በካፓሲተሩ ውስጥ የቀረችው ኃይል የተጀመረውን ገጽ ለመጨረስ ትበቃለች። ይህችን ስሌት ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ፤ የፊዚክስ መምህራችሁ ያስተማሯችሁ ቀመር ነው።

የአንዲት ሌላ መንኮራኩር ነገርም ልጨምር። ስፒሪት የተባለችው ተሽከርካሪ በጃንዋሪ 2004 ማርስ ላይ አረፈች። ሦስት ሳምንት ሳይሞላት ዝም አለች፤ ከዚያ በተደጋጋሚ መጥፋትና መነሣት ያዘች። ቺፑ አልተሰበረም ነበር። በፍላሹ ውስጥ ፋይሎች በዝተው፣ ስትነሣ ዝርዝራቸውን ወደ ሥራ ማኅደሯ ስታወጣ ቦታ ያጥራታል፤ ትወድቃለች፤ ስትነሣ ያንኑ ትደግማለች። መሐንዲሶቹ ያዳኗት ፍላሹን ሳትነካ እንድትነሣ በማዘዝ ነው። አያችሁ? ጎተራው ስለሞላ ባለቤቱ ከቤቱ መግባት አቃተው።

እዚህ ላይ አያቴ ትዝ ትለኛለች። ገጠር ሳለች የሚበላውን እህል በጎተራ ታስቀምጥ ነበር፤ ዘሩን ግን በጭራሽ ከዚያ ጋር አትቀላቅልም። የዘር እህል በቅል ተሞልቶ፣ አፉ ተደፍኖ፣ ከምድጃው በላይ ጢሱ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀላል። ነቀዝ ጎተራውን ቢጨርሰው፣ ቤተሰቡ ቢራብ እንኳ፣ ያቺ ቅል አትነካም። ሳተላይትም እንዲሁ ነው። ፎቶው የሚበላ እህል ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚነሣበት ፕሮግራም ዘር ነው። ሁለቱን አንድ ቺፕ ላይ አታድርጓቸው። ለዘሩ መግነጢሳዊ የሆነውን ኤምራም የተባለውን ዓይነት ምረጡ፤ የሚይዘው ጥቂት ነው፣ ነገር ግን ቢቷን የሚያኖራት በኤሌክትሮን ክምችት ሳይሆን በመግነጢስ አቅጣጫ ስለሆነ ቅንጣቶች በቀላሉ አይገለብጡትም። ሦስት ቅጂ ያዙ፤ ሲለያዩ የሁለቱ ድምፅ ይጽና።

ስለ መንቀጥቀጥና ስለ ሙቀት በአጭሩ ልለፍ። አንድ ጊዜ ሰሌዳ በሳጥን አድርጌ በመኪና ኮረኮንች መንገድ ላይ ተጓዝኩ፤ ስደርስ የማኅደረ ትውስታ ካርዱ አይነበብም፤ ከመሰኪያው ንቅል ብሎ ነበር። ሮኬት ከዚያ መንገድ በብዙ እጥፍ ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ የሚሰካ ነገር አታድርጉ፤ በይዱት። ኅዋ ላይ ደግሞ አየር ስለሌለ ነፋስ አያቀዘቅዝም፤ ሙቀቱ በብረቱ በኩል ወደ ሳተላይቷ አካል መውጫ መንገድ ይሠራለት።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ከሰማይ የምንጀምር አይምሰላችሁ። የሁለተኛዋ ሳተላይታችን፣ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. የመጠቀችው፣ ክብደቷ 9 ኪሎ ግራም አይሞላም ነበር፤ የጤፍ ዘንቢል እንኳ ከዚያ ይከብዳል። ኪዩብሳት የሚባሉት ደግሞ መለኪያቸው በእያንዳንዱ ጎን 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ነው። የዚያ ሳጥን የመረጃ ጎተራ በዚህ በሱሉልታ፣ በአንድ የትምህርት ቤት ጠረጴዛ ላይ ሊነደፍና ሊፈተን ይችላል። ሮኬት መሥራት ላንችል እንችላለን። ትልቅ የቺፕ ፋብሪካ የለንም። ነገር ግን የተገዛ ቺፕ መረጃውን እንዳይጥል የሚያደርገው የኤሌክትሪክ ዑደት፣ ኮድና ሥርዓት በአብዛኛው ዕውቀትና ትዕግሥት ነው። ይህ አለን! ይህ እንዳለን አባቴ አሳይቶኛል፣ አያቴ አሳይታኛለች።

መምህራን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስህተት አራሚ ኮድን ከዩኒቨርሲቲ አታስጠብቁት። ስምንተኛ ክፍል ላይ የዕድር መዝገብ አምጡ፣ አንድ ቁጥር ሸፍኑ፣ ልጆቹ ያግኙት። ወላጆች፣ ልጃችሁ የተበላሸ ሬዲዮ ወይም ያረጀ ስልክ ስትፈታ ብታገኟት፣ እባካችሁ ከእጇ አትንጠቁ፤ የጠፋባትን ብሎን አብራችሁ ፈልጉላት። ተማሪዎች፣ እናንተ ደግሞ የሠራችሁትን ነገር መውደድ ብቻ አይበቃችሁም። አስጨንቁት። መብራት አጥፉበት፣ አሙቁት፣ አቀዝቅዙት፣ ቢቱን በእጃችሁ ገልብጡበት። የሳትነው ቢት አንድ ነጥብ ይሆናል፤ ያ ነጥብ የአንድ አርሶ አደር ማሳ ሊሆን ይችላል፤ ድርቅ ገባ ወይስ አልገባ የሚለውን የሚናገር። እዚያ ላይ ሆኖ የሚጠግናት ሰው የለም። እዚህ ሳለች ካልወደቀች እዚያ ነው የምትወድቀው።

እንጦጦ ላይ ያገኘኋቸውን ሽማግሌ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ዛሬ ቢጠይቁኝ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ አባቴ፣ ሁለት ቦታ ታስቀምጠዋለች። ሁለቴ ደምራ ትጽፈዋለች። ዘሩን ለብቻ ሰቅላዋለች። አሮጌውን የምትለቀው አዲሱን አረጋግጣ ነው። በአራቱ የመገናኛ ሰዓቶቿም ጠብቃ ለእኛ ታወርደዋለች።

አሁን ሪሌዩን ላጥፋው። ... ዝም አለች። ቆጣሪው 312 ይላል። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ በመጻፍ ላይ ሳለች ኃይል ተቋርጦባታል። እያንዳንዱ መዝገቧ ተራ ቁጥርና የራሱ ድምር አለው፤ ኮምፒውተሩ አንድ በአንድ አንብቦ ያመሳክራል። ውጤቱን እኔም አላየሁትም። አንቺ፣ ፊት ወንበር ላይ ያለሽው፣ ስሌቱን ቀድመሽ የጨረስሽው፤ ነይ ወደዚህ። ይህን ቁልፍ ስትጫኚ ቁጥሮቹ በስክሪኑ ላይ መውረድ ይጀምራሉ። ድምሩ የማይስማማ ካየሽ ጮክ ብለሽ ንገሪን፤ የትኛው እንደሆነ ቁጥሩን ጨምረሽ።